ከረጅም ፒዲኤፍ የሚፈለጉትን ገጾች ብቻ ማውጣት፦ በስልክም በኮምፒውተርም

መሐል ሜዳ ከተማ የሚያስተምር መምህር ለሚቀጥለው ሳምንት የሚያስፈልገው አንድ ምዕራፍ ነው፤ በቴሌግራም የደረሰው ግን ሙሉው መጽሐፍ ነው። እንዳለ ወደ ክፍሉ ግሩፕ ሲለቀው ፓኬጁ ያለቀበት ተማሪ አያወርደውም፤ ያወረደውም ስልኩ ይሞላበታል፤ የእናቱን ስልክ ለምኖ የሚያነበው ልጅ ደግሞ ምዕራፉን ፍለጋ ሲያገላብጥ ስልኩን መልስ ይባላል። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፏን የምታዘጋጅ ተማሪ ስለ መንዝ ጓሳ ከተሠራ ረጅም ጥናት የምትፈልገው ካርታውንና የጥናቱን ዘዴ የሚያብራራውን ክፍል ነው። የፋብሪካ ሠራተኛው ከአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውስጥ ስለ ዓመት ፈቃድ የሚናገሩትን ገጾች አሳትሞ እጁ ላይ ማድረግ ይፈልጋል።

የሦስቱም ጉዳይ የሚፈለጉትን ገጾች ለይቶ አንድ ትንሽ ፋይል በመሥራት ያልቃል። ይህን ለመሥራት ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም፤ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አፕ መጫንም አያስፈልግም፤ ፋይሉ አንዴ እጃችሁ ከገባ በኋላ ኢንተርኔት ራሱ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ውስጥ ቀድሞውኑ ያለውን መሣሪያ ማወቅና የገጹን ቁጥር በትክክል መቁጠር ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በሁለተኛው ላይ ስለሆነ እዚያ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ።

ፒዲኤፍ ከውስጡ ምን ይመስላል

ፒዲኤፍን ያወጣው አዶቤ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1993። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ግን ዓለም አቀፍ ደረጃ ሆኖ ስለወጣ ማንኛውም ድርጅት የሚያነብና የሚጽፍ ፕሮግራም መሥራት ይችላል። ስልካችሁም፣ ክሮምም፣ ዊንዶውስም ያለ አዶቤ ፒዲኤፍ መክፈትና መፍጠር የቻሉት ለዚህ ነው።

በፋይሉ ውስጥ እያንዳንዱ ገጽ ራሱን የቻለ ነገር ነው። የፊደሉ ቅርጽ ማለትም ፎንቱ፣ ሥዕሎቹና ሰንጠረዦቹ በአንድ ወገን ተቀምጠዋል፤ ገጹ የሚያስፈልገውን ከዚያ ይጠራል። ገጽ ማውጣት ማለት እንግዲህ የተመረጠውን ገጽ ከሚጠራው ፎንትና ሥዕል ጋር ወስዶ አዲስ ፋይል ውስጥ ማኖር ነው። ዋናው ፋይል አይነካም፤ ከእሱ የሚቀነስም የሚጎድልም ገጽ የለም።

ይህ ለአማርኛ ሰነድ ትልቅ ነገር ነው። በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ያሉ የቆዩ ጽሑፎች ብዙዎቹ በቪዥዋል ግዕዝ ወይም በፓወር ግዕዝ የተተየቡ ናቸው። ከእነዚያ የቆዩ ፎንቶች ብዙዎቹ ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) ስላልሆኑ፣ ጽሑፉን ከፒዲኤፉ ኮፒ አድርጋችሁ ወርድ ላይ ስትለጥፉት ፊደሉ ጠፍቶ የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ይወጣል። ፒዲኤፉን በቀጥታ በወርድ ብትከፍቱትም ያው ነው፤ ወርድ ሰነዱን እንደገና ለመገንባት ሲሞክር መስመሩ ይሰበራል፣ ሰንጠረዡ ይፈርሳል። ገጹን እንዳለ ካወጣችሁት ግን ፎንቱ አብሮት ስለሚሄድ ፊደሉ እንደነበረ ይቆያል። ስለዚህ ሦስት ገጽ ለማግኘት ብላችሁ ፒዲኤፍን ወደ ወርድ አትለውጡ፤ ለአማርኛ ሰነድ ከዚህ የከፋ መንገድ አላውቅም።

ስክሪንሾት ማንሳትም ብዙ ሰው የሚሄድበት መንገድ ነው። ለአንድ አንቀጽ ይሆናል። ለምዕራፍ ግን ስክሪንሾቱ የስልኩን ስክሪን ያህል ጥራት ብቻ ስላለው ሲታተም ፊደሉ ይደበዝዛል፣ የሂሳብ ምልክቱ አይለይም፣ ቃል መፈለግም አይቻልም።

ስለ መጠኑም አንድ ነገር ልበል። የተወሰነ ገጽ ስታወጡ ፋይሉ ምን ያህል እንደሚያንስ የሚወስነው ሰነዱ የተሠራበት መንገድ ነው። በስካነር ወይም በስልክ ካሜራ የተነሳ ከሆነ እያንዳንዱ ገጽ የራሱ ፎቶ ስለሆነ፣ ከ200 ገጽ 20 ስታወጡ መጠኑም ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ይወርዳል። በኮምፒውተር የተጻፈ ሰነድ ከሆነ ግን ፎንቱ አብሮ ስለሚሄድ በዚያው ልክ ላያንስ ይችላል። ሁለት ገጽ አውጥታችሁ ፋይሉ ከጠበቃችሁት በላይ ቢከብድ የተበላሸ ነገር የለም።

የመጽሐፉ ቁጥርና የፋይሉ ቁጥር

በፎቶ ኮፒ ቤት ሥራዋን የምታውቅ ሠራተኛ የምትለየው በአንድ ጥያቄ ነው። ተማሪው ፍላሹን አቀብሎ «እህቴ፣ ከ45 እስከ 68 ፕሪንት አድርጊልኝ» ሲላት፣ «የመጽሐፉ 45 ነው ወይስ የፋይሉ፣ ወንድሜ?» ትለዋለች። ይህን ጥያቄ የማትጠይቅ ከሆነ ተማሪው የከፈለበት ወረቀት ከምዕራፉ መሀል ጀምሮ ሌላ ምዕራፍ መሀል ላይ ያልቃል።

በገጹ ግርጌ ወይም ራስጌ የታተመው ቁጥር የመጽሐፉ ቁጥር ነው። ፕሮግራሙ የሚያውቀው ግን ገጹ በፋይሉ ውስጥ ስንተኛ እንደሆነ ብቻ ነው። ሽፋኑ ለእሱ 1 ነው። የውስጥ ሽፋኑ 2 ነው። ማውጫው፣ መግቢያው፣ ምስጋናው ሁሉ ይቆጠራል። ስለዚህ የመጽሐፉ ገጽ 1 በፋይሉ ውስጥ 9ኛ ወይም 15ኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ከምትፈልጉት ምዕራፍ ውስጥ ቁጥሩ በግልጽ የታተመበትን አንድ ገጽ ክፈቱ። ከላይ ወይም ከጎን ፕሮግራሙ የሚያሳየውን ቁጥር እዩ፤ ለምሳሌ «53/210» ይላል እንበል። በገጹ ላይ የታተመው 45 ከሆነ ልዩነቱ 8 ነው። እንግዲህ ከ45 እስከ 68 የሚፈልግ ሰው የሚጽፈው ከ53 እስከ 76 ነው።

እዚህ ላይ ግን አትቁሙ። ወደ መጨረሻው ገጽ ሂዱና እዚያም ልዩነቱ 8 መሆኑን አረጋግጡ። በመሀል ቁጥር ያልታተመበት የሥዕል ገጽ ከገባ፣ ወይም ስካን ያደረገው ሰው አንድ ገጽ ከዘለለ ወይም ሁለት ጊዜ ካነሳ ልዩነቱ ይቀየራል። ሁለቱን ጫፎች ማየት ከአንድ ደቂቃ አያልፍም፤ የሚያድነው ወረቀትና የሚያድነው ምልልስ ግን ብዙ ነው፣ በተለይ ከገጠር ቀበሌ ተነስቶ ለፕሪንት ከተማ ለሚወርድ ሰው።

የገጹን ብዛትም ቁጠሩ። ከ45 እስከ 68 ያለው 23 አይደለም፣ 24 ነው፤ ከትልቁ ትንሹን ቀንሳችሁ 1 ጨምሩ። ይህችን ቁጥር ያዟት፤ ኋላ ላይ አዲሱን ፋይል የምትፈትሹት በእሷ ነው።

ሁለት ዓይነት ሰነዶች ለየት ይላሉ። አንደኛው መጽሐፍ ተዘርግቶ በአንድ ጊዜ ሁለት ሁለት ገጽ የተነሳበት ስካን ነው። እዚያ የፋይሉ አንድ ገጽ የመጽሐፉን ሁለት ገጽ ይይዛል፤ ስለዚህ በመቀነስ ብቻ አይገኝም፣ በዓይን ሄዶ ጫፎቹን ማግኘት ይሻላል። ሁለተኛው ነጋሪት ጋዜጣ ነው። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ የገጽ ቁጥር ለየአዋጁ ከ1 አይጀምርም፤ ካለፈው እትም እየቀጠለ ይሄዳል። አዋጅ 1156/2011ን ስትከፍቱ በገጹ ራስ ላይ የምታገኙት ቁጥር በአምስት አሃዝ የሚጻፍ ነው፤ ያንን ቁጥር ለፕሮግራሙ ብትሰጡት «እንዲህ ያለ ገጽ የለም» ብሎ ይመልሳችኋል። ለሕግ ሰነድ የሚሻለው በአንቀጽ መፈለግ ነው። የዓመት ፈቃድ ከፈለጋችሁ አንቀጽ 77ን ፈልጉ፤ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀናት የሚለው እዚያ ነው። አንቀጹ የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን የፋይል ገጽ ጻፉ። አንቀጽ ብዙ ጊዜ ከገጽ ግርጌ ተነስቶ ወደሚቀጥለው ይሻገራል፤ የመጨረሻዋን ንዑስ አንቀጽ ቆርጣችሁ እንዳትቀሩ ቀጣዩን ገጽ ገልጣችሁ እዩ።

በአንድሮይድ ስልክ

አብዛኛው ሰው እጁ ላይ ያለው ስልክ ስለሆነ ከዚህ ልጀምር። መንገዱ «ፕሪንት» በሚለው ትእዛዝ በኩል ነው። ፕሪንተር የለኝም ብላችሁ አትለፉት፤ ስልኩ በወረቀት ፈንታ አዲስ ፒዲኤፍ አድርጎ ያወጣላችኋል።

ፋይሉ ቴሌግራም ውስጥ ከሆነ መጀመሪያ ስልኩ ላይ እንዲቀመጥ አድርጉ፤ በፋይሉ ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክታችሁ ወደ ዳውንሎድ ማኅደር ሴቭ ማድረግ ትችላላችሁ። ከዚያ በጉግል ድራይቭ ፒዲኤፍ ማንበቢያ ክፈቱት። ከላይ በቀኝ በኩል ያሉትን ሦስት ነጥቦች ስትነኩ «ፕሪንት» የሚል ይመጣል። በአንዳንድ ስልክ ላይ ይህ ቃል በቀጥታ አይታይም፤ «ሼር» የሚለውን ስትከፍቱ ከውስጡ ታገኙታላችሁ። አንዳንድ የፒዲኤፍ አፕ ጭራሽ የለውም፤ ያኔ ፋይሉን በሌላ ማንበቢያ መክፈት ነው።

የፕሪንቱ ገጽ ሲከፈት ከላይ የፕሪንተር ስም የሚመረጥበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ «ሴቭ አዝ ፒዲኤፍ» የሚለውን ምረጡ። ከሥሩ ያለችውን ወደ ታች የምታመለክት ትንሽ ቀስት ስትነኩ የተደበቁት ምርጫዎች ይዘረጋሉ። ከእነሱ አንዱ «ፔጅስ» የሚለው ነው፤ ሁሉም ገጾች ተብሎ ተቀምጧል። እሱን ነክታችሁ «ሬንጅ» የሚለውን ስትመርጡ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ይከፈታል። 53-76 ብላችሁ ጻፉ። የተለያየ ቦታ ያሉ ገጾችን ከፈለጋችሁ በኮማ ለዩ፦ 2, 53-76, 90።

በዚህ ጊዜ ኪቦርዳችሁ እንግሊዝኛ ላይ ይሁን። የአማርኛ ኪቦርድ ላይ ሆናችሁ ኮማ ስትነኩ የሚጻፈው ነጠላ ሰረዝ «፣» ነው፤ ስልኩ ደግሞ ይህን እንደ መለያ አይቀበለውም። ቁጥሩ ቀይ ሆኖ እምቢ ሲል ብዙዎች ፋይሉ ተበላሽቷል ብለው ይተዉታል፤ ችግሩ ግን ይህችው ሰረዝ ነች።

ቁጥር ከመጻፍ ይልቅ በዓይን መምረጥ የሚቀላችሁ ከሆነ ከታች የገጾቹን ትንንሽ ምስል እያንሸራተታችሁ እያንዳንዱ ላይ ያለውን የምልክት ሳጥን መንካት ትችላላችሁ። ለአራት ለአምስት ገጽ ይህ ጥሩ ነው። ለሃያ አራት ገጽ ግን አድካሚ ነው፣ አንዱን ገጽ ዘሎ ማለፍም ቀላል ነው።

የወረቀቱን መጠንም እዩ። ስልኩ «ሌተር» በሚለው የአሜሪካ መጠን ላይ ቆሞ ሊሆን ይችላል፤ እኛ ጋ ፕሪንት የሚደረገው በኤፎር ስለሆነ ወደ ኤፎር ለውጡት። ሳይለወጥ ከቀረ ኋላ ሲታተም ዳር ዳሩ ሊቆረጥ ወይም ጽሑፉ አለልክ ሊያንስ ይችላል።

በመጨረሻ ፒዲኤፍ የሚል ጽሑፍ ያለበትን ክብ ምልክት ስትነኩ የት ላስቀምጥ ብሎ ይጠይቃል። ስሙን በዚያው ቀይሩ። «ዶክመንት 1» ብላችሁ ከተዋችሁት ከሳምንት በኋላ ራሳችሁም አታገኙትም። እኔ የምመክረው የመጽሐፉ ስም፣ ምዕራፉና የመጽሐፉ ገጽ እንዲገባበት ነው፦ «ታሪክ 10 ምዕራፍ 3 ገጽ 45-68» እንደማለት። ግሩፑ ውስጥ ያለ ተማሪ ሳይከፍተው ምን እንደሆነ ያውቃል።

አይፎን ላይም ሐሳቡ ያው ነው፤ ከሼር ውስጥ ፕሪንት ከፍታችሁ የገጹን ክልል ትመርጣላችሁ፣ ከዚያ ፕሪንት ሳታደርጉ በዚያው ገጽ ላይ ባለው የሼር ምልክት ወደ ፋይሎች ታስቀምጡታላችሁ።

በኮምፒውተር፣ በክሮም

የትምህርት ቤትም ሆነ የወረዳ ቢሮ ኮምፒውተር ላይ ክሮም ወይም ኤጅ አይጠፋም። ሁለቱም ፒዲኤፍ ይከፍታሉ፣ ኢንተርኔት ባይኖርም። ፋይሉን በማውስ ይዛችሁ ክፍት በሆነው የክሮም መስኮት ላይ ጣሉት፤ ይከፈታል። ከዚያ ኮንትሮል (Ctrl) የሚለውን ቁልፍ ይዛችሁ «P» የሚለውን ፊደል ተጫኑ።

በሚመጣው መስኮት ላይ «ዴስቲኔሽን» በሚለው ቦታ «ሴቭ አዝ ፒዲኤፍ» ምረጡ። የቢሮው ፕሪንተር ስም እዚያ ተቀምጦ ከሆነ ሳትቀይሩ እንዳታልፉ፤ ያለበለዚያ ማሽኑ ወረቀት መትፋት ይጀምራል። ቀጥሎ «ፔጅስ» የሚለውን ከ«ኦል» ወደ «ከስተም» ለውጡና ቁጥሩን ጻፉ። ልክ እንደጻፋችሁ በግራ በኩል የሚታየው ቅድመ እይታ ይለወጣል፣ ከላይም ስንት ገጽ እንደሚወጣ ይነግራችኋል። ቀድማችሁ የያዛችሁት 24 እዚህ ላይ መታየት አለበት። 23 ወይም 25 ካለ ቁጥሩን እንደገና እዩ። ከዚያ «ሴቭ»።

የክሮም መንገድ ፈጣን ነው፤ ለዕለት ተዕለት ሥራ ይበቃል። ጉድለቱን ግን ማወቅ ጥሩ ነው። በፕሪንት በኩል የወጣ ፒዲኤፍ በዋናው ውስጥ የነበረውን የምዕራፍ ማውጫ ማለትም በጎን ነክታችሁ የምትዘሉበትን ዝርዝር ያጣል፤ ሊንኮችም ሊሞቱ ይችላሉ፤ የሚሞላ ፎርም ከነበረው ተሞልቶ የደረቀ ወረቀት ይሆናል። አንዳንዴም ጽሑፉ ወደ ምስል ተለውጦ ቃል መፈለግና ኮፒ ማድረግ አይቻልም። ለሚታተም ምዕራፍ ይህ ሁሉ ምንም አይደለም። ለጥናትና ለመጥቀሻ ለሚቀመጥ ሰነድ ግን ወደሚቀጥለው መንገድ ሂዱ።

በማክ ኮምፒውተር ለሚሠራ ሰው ነገሩ ከሁሉም ይቀላል፤ በፕሪቪው ከፍቶ በጎን ከሚታዩት ትንንሽ ገጾች የሚፈልጋቸውን መርጦ ወደ ዴስክቶፕ መጎተት ብቻ ነው።

አዶቤ ሪደርን የለመዱ ሰዎች እዚያ ውስጥ ገጽ ማውጫ የሚል ቁልፍ ያያሉ። በነጻው ሪደር ያ ሥራ ክፍያ ይጠይቃል። ባለመሥራቱ አትደነቁ፣ ከማይታወቅ ቦታ የተሰበረ ፕሮግራም አውርዳችሁም አትጫኑ፤ የቢሮ ኮምፒውተር በቫይረስ የሚያዝበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው።

ብዙ ሰነድ ለሚሠራ ሰው፦ ፒዲኤፍሳም

ፒዲኤፍሳም ቤዚክ የሚባለው ነጻና ኮዱ ክፍት የሆነ ፕሮግራም በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል። አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ነው የሚሠራው። ስታወርዱ «ቤዚክ» የሚለውን መምረጣችሁን አረጋግጡ፤ የሚከፈልባቸው ሌሎች ዓይነቶችም አሉት። የፎቶ ኮፒ ቤት ላለው ሰው፣ ለትምህርት ቤት የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ ከማውቃቸው ሁሉ የምመርጠው ይህንን ነው።

ሲከፈት ሥራዎቹ በየሳጥኑ ተዘርዝረዋል። «ኤክስትራክት» የሚለውን ክፈቱ። ፋይሉን ጎትታችሁ አስገቡ፣ ገጾቹን እንደቀድሞው በኮማና በሰረዝ ጻፉ፣ የሚቀመጥበትን ማኅደር ምረጡ፣ «ራን» በሉት። ይህ መንገድ በፕሪንት በኩል ስለማያልፍ ገጹን እንዳለ ነው የሚወስደው፤ ፊደሉ ፊደል ሆኖ ይቀራል፣ የገጹም መጠን አይለወጥም።

«መርጅ» የሚለው ሳጥን ደግሞ ከተለያዩ ፋይሎች ገጽ ለቃቅሞ አንድ ለማድረግ ነው። ብዙ ፋይል ታስገባላችሁ፣ በየፋይሉ አጠገብ የትኞቹ ገጾች እንደሚወሰዱ ትጽፋላችሁ። ከአራት የትምህርት ዓይነት መጻሕፍት የክለሳ ጥያቄዎችን ብቻ አውጥቶ አንድ ጥራዝ ማዘጋጀት የሚፈልግ የ12ኛ ክፍል መምህር በዚህ በአንድ ጊዜ ይጨርሰዋል።

የአርዕስት ገጹን አትርሱ

አንድ ምዕራፍ ብቻውን ሲወጣ ከየትኛው መጽሐፍ እንደሆነ አይናገርም። ሦስት ሰው እጅ ካለፈ በኋላ ማን እንደጻፈው፣ መቼ እንደታተመ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ የመጽሐፉ ስም፣ ጸሐፊውና የታተመበት ዓመት ያለበትን የውስጥ ሽፋን ገጽ ሁልጊዜ ፊት ላይ ጨምሩ፤ ከላይ በምሳሌው ላይ 2 የጨመርኩት ለዚህ ነው። ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚሰበስብ ተማሪ ደግሞ የዋቢ ጽሑፎቹን ዝርዝር ጨምሮ ያውጣ። ስለ ጓሳ በተሠራው ጥናት ውስጥ ዘዴውን የሚያብራራው ምዕራፍ በቅንፍ ስምና ዓመት እየጠራ ይሄዳል፤ የመጨረሻዎቹ ገጾች ከሌሉ እነዚያ ስሞች ወዴት እንደሚያመሩ አይታወቅም።

የሌላ ሰው መረጃ ያለበት ሰነድ

ብዙዎች ኢንተርኔት ላይ ፈልገው የሚያገኙት ፒዲኤፍ የሚቆርጡ ድረ ገጾችን ነው። ይሠራሉ። ነገር ግን ፋይሉ ከእጃችሁ ወጥቶ ወደ ሌላ ሰው ሰርቨር ይሄዳል፣ እዚያ ይቆረጣል፣ ተመልሶ ይመጣል። ለመማሪያ መጽሐፍ ወይም ለነጋሪት ጋዜጣ ግድ የለም፤ ለሕዝብ የወጣ ነው። የደመወዝ መክፈያ ሰነድ፣ የተማሪ ሮስተር፣ የሕክምና ወረቀት፣ የመታወቂያ ቅጂ፣ የይዞታ ማረጋገጫ ግን በዚያ መንገድ መላክ የለበትም። ከላይ ያየናቸው መንገዶች ሁሉ በእጃችሁ ባለው ስልክና ኮምፒውተር ውስጥ ስለሚያልቁ ለእንዲህ ያለው ሥራ ሰበብ አይኖርም። ድረ ገጾቹ ዳታም ያባክናሉ፤ ከባድ ፋይል መጀመሪያ መጫን፣ ኋላ ማውረድ ነው።

ሌላም አለ። የአንድን ተማሪ ውጤት ለወላጁ ለመላክ ከሮስተሩ አንድ ገጽ ብታወጡ፣ በዚያው ገጽ ላይ የክፍሉ ልጆች ሁሉ ስምና ማርክ ተደርድሯል። ገጽ ማውጣት ሌሎቹን ገጾች ያስቀራል እንጂ በአንድ ገጽ ውስጥ ያለውን አይለይም። በፒዲኤፍ ላይ ጥቁር ሳጥን ስሎ መሸፈንም አያዛልቅም፤ ከሳጥኑ ሥር ያለው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ እንዳለ ስለሚቆይ ኮፒ አድርጎ የለጠፈ ሰው ያነበዋል። እርግጠኛው መንገድ ገጹን አትሞ፣ የሌሎቹን መስመሮች በወረቀት ሸፍኖ፣ እንደገና በስልክ ስካን ማድረግ ነው። የቆየ መንገድ ነው፤ ግን ከሥሩ የሚነበብ ነገር አያስቀርም።

ከመላክና ከማተም በፊት

አዲሱን ፋይል ክፈቱት። የገጹ ብዛት ከያዛችሁት ቁጥር ጋር ይግጠም፤ የአርዕስት ገጹን ከጨመራችሁ አንድ ይጨምራል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የምዕራፉ ርዕስ አለ? የመጨረሻው ገጽ ላይ ዐረፍተ ነገሩ አልቋል? ከመሀል ካርታ ወይም ሰንጠረዥ ያለበትን አንዱን ገጽ አጉልታችሁ እዩ፤ ባዶ ሆኖ የሚወጣ ነገር ካለ እዚያ ላይ ይታያል። ባዶ ከሆነ በክሮም የወጣውን ትታችሁ በፒዲኤፍሳም ሞክሩት።

በቴሌግራም ስትልኩ ፋይሉን በፋይልነቱ ላኩት። ገጾቹን ወደ ፎቶ ለውጦ የሚልክ ሰው አለ፤ ቴሌግራም ፎቶን ስለሚጨምቅ ጥራቱ ይወርዳል፣ ቅደም ተከተሉም ግሩፑ ውስጥ ይበተናል።

ለፕሪንት በፍላሽ የምትወስዱ ከሆነ አዲሱን ፋይል ብቻ ይዛችሁ ሂዱ፤ ዋናውንም አብራችሁ ከያዛችሁ የትኛውን እንደሚያትሙ ሊምታታ ይችላል። ፊትና ኋላ ለሚታተም ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። መጽሐፍ ውስጥ ጎዶሎ ቁጥር ያለው ገጽ በቀኝ፣ ሙሉ ቁጥር ያለው በግራ ነው የሚውለው፤ ለጥራዝ የሚተወው ሰፊ ኅዳግም በዚያው ልክ ይቀያየራል። ያወጣችሁት ምዕራፍ የሚጀምረው በመጽሐፉ ገጽ 46 ከሆነና ያለምንም ጭማሪ ፊትና ኋላ ካሳተማችሁት 46ኛው የወረቀቱ ፊት ላይ ይውልና ሰፊው ኅዳግ በተቃራኒው ወገን ይቀራል፤ ስቴፕለሩ ወይም ስፓይራሉ ፊደሉን ይበላዋል። አንድ ገጽ ወደ ኋላ ሄዳችሁ ከ45 ብትጀምሩ ይስተካከላል። የአርዕስት ገጽ ከጨመራችሁ ደግሞ እሷን ለብቻዋ በአንድ ወረቀት አሳትሟት፤ አለዚያ መልሳ ታዛባዋለች።

የተቆለፈ ፋይል

አንዳንድ ፒዲኤፍ ሲከፈት የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ አንዳንዱ ይከፈታል ግን «ፕሪንት» የሚለው ደብዝዞ አይነካም። ሁለተኛው ባለቤቱ ማተምን የከለከለበት ነው። መቆለፊያውን እንሰብራለን የሚሉ ድረ ገጾች አሉ፤ አትሂዱባቸው፣ ፋይሉን ለሌላ አሳልፎ መስጠት፣ የሰነዱን ባለቤት ፈቃድም መጣስ ነው። ሰነዱን ላዘጋጀው ሰው ወይም ክፍል ደውላችሁ የምትፈልጉትን ገጽ ቁጥር ነግራችሁ እንዲልክላችሁ ጠይቁ፤ የመጽሐፉን ይሁን የፋይሉን ቁጥር እንደሆነ አብራችሁ ንገሩት።

በዲጂታል ፊርማ የተፈረመ ሰነድም ከዚህ ይመደባል። ገጽ ሲወጣለት ፊርማው ዋጋ ያጣል፣ ምክንያቱም ፊርማው የተሰጠው ለሙሉው ፋይል ነው። ለፍርድ ቤት፣ ለባንክ ወይም ለጨረታ የሚቀርብ ከሆነ የተወሰነ ገጽ ይቀበሉ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ካልተቀበሉ ሙሉውን ፋይል ላኩና የሚመለከታቸውን ገጾች ቁጥር በመሸኛ ደብዳቤው ላይ ጻፉላቸው።